ፓራኦሊዮ ከመቀየራችሁ በፊት የሞተሩን ትንፋሽ መውጫ ፈትሹ

አዳማ ውስጥ ዘይት የሚያፈስ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓራኦሊዮ (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ነው። የኋላውን ፓራኦሊዮ ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ባለቤቱም ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ለእጅ ይከፍላል። ጥቂት ቆይቶ በዚያው ቦታ እንደገና ይንጠባጠባል። አዲሱ ፓራኦሊዮ ምንም አልሆነም፤ ከውስጥ የሚገፋው ግፊት ግን እንዳለ ነው። ያንን ግፊት ማስወጣት የነበረባት ፒሲቪ ቫልቭ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ በብዙ መኪና ላይ ለመፍታትም ሩብ ሰዓት አትፈጅም። እሷ ሳትነካ ካምቢዮ የሚወርድበት ጊዜ መብዛቱ ያሳዝናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሞተር ከበፊቱ ይበልጥ ዕድሜ እንዲኖረው እንፈልጋለን፤ ይህ ሥራ ደግሞ በትንሽ ወጪ ዕድሜ ከሚጨምሩት አንዱ ነው።

ትንፋሹ ከየት ይመጣል

ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ጫፍና ጫፉ የሚገናኝበት ክፍተት አለው። ቤንዚኑ ሲቀጣጠል በሙሉ ጭነት ከ50 ባር በላይ ሊደርስ የሚችለው ግፊት በዚያ ክፍተትና በፋሻው ጎን ሾልኮ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ወደሚዞርበትና ዘይት ወደሚጠራቀምበት ክፍል ይወርዳል። ይህ ክፍል ክራንክኬዝ ይባላል። «ሞተሩ ትንፋሽ አለው» የሚባለው መጠኑ ሲበዛ ነው እንጂ ትንሹ ትንፋሽ በጤነኛ ሞተርም ሁልጊዜ አለ።

ሾልኮ ከሚወርደው ጋዝ አብዛኛው ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር ነው፤ የቀረው ጭስና የውሃ እንፋሎት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጠራል። ብዙው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታ ቢወጣም ወደ ታች የሚሾልከው ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ወደ ውሃ ተመልሶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከጭሱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ከዘይቱ ጋር ሲንገላታ ደግሞ ያ ከቴስታታ (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ስር የምናየው ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ከመናኸሪያ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ሰፈር፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና በአዳማ ሙቀት እንኳ ይህ ያገኘዋል፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ከውሃው ይልቅ ብዙ ይቆያልና።

ድሮ ይህን ትንፋሽ ከሞተሩ ስር ወደ መሬት የሚወርድ ቧንቧ ያስወጣው ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሚሸጡ መኪኖች ላይ፣ ቀጥሎም በመላው አሜሪካ፣ ትንፋሹ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ። ምክንያቱ የከተማ አየር ብክለት ነበር፤ ለዘይቱም ለሞተሩም የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ ዛሬ የሌለበት መኪና የለም ማለት ይቻላል።

አሠራሩ

ሁለት ቱቦ አለ። አንደኛው ከአየር ፊልትሮው በኋላ፣ ከስሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ ከሚከፈተው የአየር በር) በፊት ካለው ቦታ ተነስቶ ወደ ቴስታታው ክዳን ይገባል፤ ንጹሕ አየር ያስገባል። ሁለተኛው ከፒሲቪ ቫልቩ ተነስቶ ከስሮትሉ በኋላ ወዳለው ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ይሄዳል፤ እዚያ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ስላለ ትንፋሹን ይስባል። ንጹሑ አየር በአንድ በኩል ገብቶ፣ ክራንክኬዙን አጥቦ፣ በሌላው በኩል ይወጣል። አንዱ ቱቦ ከተዘጋ ሌላው ብቻውን ሥራውን አይሠራም። ቫልቩን ቀይረው ንጹሕ አየር የሚያስገባውን ቱቦ ሳያዩ የሚተዉ ብዙ ናቸው።

በቫልቩ ውስጥ ሞላ (ስፕሪንግ) የያዘችው ሹል ዘንግ አለች። መኪናው መናኸሪያ ቆሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የማኒፎልዱ ቫኪዩም ከፍተኛ ነው፤ ዘንጓን ወደ ራሱ ይስባትና መንገዱ ይጠብባል፣ ትንሽ ብቻ ያልፋል። በፍጥነት መንገዱ ሜዳ ላይ እኩል ፍጥነት ሲያዝ ዘንጓ መካከል ላይ ትቆማለች፤ ብዙ ያልፋል። ወደ አዲስ አበባ በጭነት ሽቅብ ሲወጣ ስሮትሉ ሙሉ ስለሚከፈት ቫኪዩሙ ይጠፋል። ቫልቩ በሞላው ኃይል ሙሉ ቢከፈትም የሚስበው የለም። በዚያን ጊዜ የበዛው ትንፋሽ ንጹሕ አየር በሚያስገባው ቱቦ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በስሮትሉ ይገባና ይቃጠላል። ከስሮትሉ በፊት ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ቀጭን የዘይት ቅባት ብታዩ አትደንግጡ። የተጠራቀመ ዘይት ካለ ወይም የአየር ፊልትሮው ራሱ በዘይት ከራሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ እግር ከነዳጅ ተነስቶ በማርሽ ሲያዝ ቫኪዩሙ ከሚኒሞም ይበልጣል። ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ በዚያ ሁሉ ቁልቁለት የዘይት ጤዛ ወደ ማኒፎልድ ይሳባል፤ ታች ደርሶ ነዳጅ ሲረገጥ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ይህ ምልክት ከቴስታታው ቫልቮች ጎሚኒ (ዘይት የሚይዝ ትንሽ ጎማ) ብልሽት ጋር ስለሚመሳሰል ቴስታታ ከመፍታት በፊት ፒሲቪውን ማየት ግድ ነው።

ምልክቶቹ

ተዘግቶ ከቀረ፦ በፓራኦሊዮና በቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ዘይት ይወጣል፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ከቦታው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዙሪያውም ይረጥባል፤ የአየር ፊልትሮው በዘይት ይበከላል፤ ዘይቱ ከተቀየረ ብዙ ሳይነዳ ይጠቁራል።

ተከፍቶ ከቀረ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፦ ሚኒሞው ይዋዥቃል ወይም ከፍ ይላል፣ ፉጨት ይሰማል፣ መኪናው ዘይት ይበላል። አየሩ በአየር መለኪያው ሳያልፍ ስለሚገባ የሞተር መብራት በርቶ በመመርመሪያ መሣሪያ ፒ 0171 የሚለው ኮድ ሊወጣ ይችላል፤ ቤንዚኑ ለአየሩ አነሰ ማለት ነው። ይህን ኮድ አይቶ ወዲያው የነዳጅ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በአውሮፓ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ቫልቩ በቴስታታው ክዳን ውስጥ የተሠራ ስስ የጎማ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ሞተሩ ያፏጫል፣ የዘይት መሙያው ክዳንም ሚኒሞ ላይ ተስቦ ለመክፈት ያስቸግራል። ይህ ዓይነቱ አይጸዳም፤ ይቀየራል።

አፈታተሹ

የምትፈልጉት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለቫልቩ የሚሆን ቁልፍ፣ የካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ስስ ወረቀትና አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በቴስታታው ክዳንና በቱቦዎቹ ዙሪያ ያለውን አቧራ ጥረጉ። የአዳማ አቧራ ደቃቅ ነው፤ በተከፈተው ቀዳዳ ከወደቀ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበትን ተሸካሚ) ይበላል።

1. ሞተሩን አሙቁና ሚኒሞ ላይ ተዉት። ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ቱቦ በፒንሳ በጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡት። ሚኒሞው በትንሹ መውረድ አለበት፤ ከቫልቩም ጠቅ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ምንም ካልተለወጠ መንገዱ የሆነ ቦታ ተዘግቷል።

2. ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በዓይን ተከተሉት። ሲቆም ደህና የሚመስል፣ ሲሠራ ግን በቫኪዩሙ ተስቦ የሚለጠፍ ቱቦ አለ። ይህ የሚሆነው በሙቀት የለሰለሰ ወይም ለውሃ የተሠራ ቱቦ ሲገጠም ነው። ሞተር አጥፍቶ የሚፈትሽ ሰው በጭራሽ አያገኘውም።

3. የወረቀት ሙከራ። ንጹሕ አየር የሚያስገባውን ቱቦ ከቴስታታው ክዳን ንቀሉና ሁለቱንም ቀዳዳ ዝጉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ስሱን ወረቀት በአፉ ላይ አስቀምጡ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከዘለለ ወይም ከተገፋ ግፊት አለ። ክዳኑን ስትከፍቱ ሚኒሞው ትንሽ ቢረበሽ ልክ ነው፤ አየር ገብቶበት ነው።

4. ሞተሩን አጥፉና አቀዝቅዙ። ቫልቩን አውጡ። በአንዳንድ መኪና ጎሚኒ ውስጥ ተሰክቶ ነው፤ ወደ ጎን ሳትታገሉ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የደረቀ ጎሚኒ ተቆራርጦ ወደ ውስጥ ይወድቃልና ቁርጥራጩን ቁጠሩ። በሌላው ጥርስ ኖሮት ስለሚጠመድ በቁልፍ ይፈታል።

5. ቫልቩን ከጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ መስጠት አለበት። ድምፅ የሌለው ተጣብቋል። ድምፅ አለው ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሞላው ሊደክም ይችላል።

6. ንጹሕ ቱቦ ቀጥላችሁ ንፉበት። በሞተሩ በኩል ባለው ጫፍ ስትነፉ በቀላሉ ማለፍ አለበት፤ በማኒፎልዱ በኩል ባለው ስትነፉ በጭንቅ። በሁለቱም እኩል የሚያልፍ ከሆነ ይቀየር። በአፍ ወደ ውስጥ አትሳቡ፤ ውስጡ ያለው የነዳጅ ቅሪት ለጤና ጎጂ ነው።

7. ማጽዳት ከመረጣችሁ በስፕሬዩ አጥባችሁ፣ ነቅንቃችሁ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ንጹሕ እስኪሆን ደጋግሙና አድርቁት። ፕላስቲክ ወይም ጎማ ያለበትን በቤንዚን አትንከሩ። የእኛ ምክር፣ ዕቃው ከተገኘ አዲስ ግዙ።

8. ቱቦዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ብርሃን አሳዩአቸው፤ አጥፋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የማኒፎልዱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ አጽዱት። የተጋገረ ከሰል እዚያ ጋ ሲዘጋ አዲስ ቫልቭ ምንም አይፈይድም።

9. ስትገጥሙ የአቅጣጫውን ምልክት ተመልከቱ። በቱቦ መካከል የሚገባ ቫልቭ ተገልብጦ ከገባ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ጥርስ ያለውን መጀመሪያ በእጅ አስገቡት፤ ክዳኑ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ስለሆነ በጉልበት ካጠበቃችሁት ይላጫል። ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) መልሱ፤ ሞተሩን አስነሡና 1ኛውንና 3ኛውን ደግማችሁ ሞክሩ።

ቫልቭ ስትገዙ በመልክ አትግዙ። ሁለት ቫልቭ አንድ መስለው የሚያሳልፉት አየር ሊለያይ ይችላል። የሚበዛው ሚኒሞ ያበላሻል፣ የሚያንሰው ግፊት ያስቀራል። የሞተሩን ኮድና የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቱቦውም ዘይትና ነዳጅ የሚችል ይሁን።

በቫኪዩም መለኪያ ለሚፈትሹ፦ የመጻሕፍቱ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። እዚያ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ቫኪዩም ያሳያል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ13 እስከ 16 ማየት ጤና ነው። መጽሐፉን ብቻ ይዞ «የቴስታታ ቫልቭ ተቃጥሏል» ማለት ስህተት ነው።

ፋሻ ነው ወይስ ፒሲቪ ቫልቭ?

የሰውን ኪስ የሚጎዳው ጥያቄ ይህ ነው። የዘይት መሙያው ሲከፈት ጭስ ታየ ተብሎ ሞተር ይከፈታል። ጭስ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ መንገዱ ከተዘጋ ጤነኛ ፋሻ ያለውም ሞተር ያጨሳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መንገዱን ማጽዳት፣ ቀጥሎ መለካት ነው።

ለመለካት የሚያሳየውን ቱቦ እንደ ዩ ፊደል አጥፋችሁ በቁመት አንድ ሰሌዳ ላይ እሰሩት፤ ታችኛውን ክፍል በውሃ ሙሉ። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያ ዘንጉ በሚገባበት ቧንቧ ላይ አጥብቃችሁ ግጠሙ፤ ሌላውን ክፍት ተዉ። ሁለቱንም የትንፋሽ ቱቦ እንደተገጠመ ተዉት፤ ከዘጋችሁት ውሃው ወደ ሞተር ሊሳብ ይችላል። አስነሡ። ሚኒሞ ላይ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከቆመ ወይም በሞተሩ በኩል በጥቂቱ ከፍ ካለ ደህና ነው። ወደ ክፍቱ ጫፍ ከተገፋ ክራንክኬዙ ውስጥ ግፊት አለ። 10 ሳንቲሜትር የውሃ ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም በፓራኦሊዮ ከንፈር ላይ ቀንና ሌሊት ሲገፋ ዘይት ለማውጣት ይበቃዋል።

ቫልቩም ቱቦውም ንጹሕ ሆኖ ውሃው አሁንም ከተገፋ ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለኩ። እዚህም ከፍታው ይገባል፦ በባሕር ዳርቻ 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ሞተር አዳማ ላይ ወደ 150 ቢያሳይ አልደከመም። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያነሰው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ ፋሻ ነው፤ ባለበት ከቆየ የቴስታታው ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። እዚህ ላይ ስትደርሱ ነው ሞተር መክፈት የሚታሰበው።

ከቴስታታው ክዳን ስር ያለው ጋሻ

ቫልቩ በተገጠመበት ቦታ ውስጥ ዘይት ከጋዙ ጋር እንዳይሳብ የሚመልስ የብረት ወይም የፕላስቲክ ጋሻ አለ። የጠራቀመውን ዘይት የሚመልሱት ቀዳዳዎች በዝቃጭ ሲደፈኑ ዘይቱ እዚያው ይቆምና በአዲሱ ቫልቭም ይሳባል። ቫልቭ ተቀይሮ ዘይት መብላቱ ካልቆመ ክዳኑን አንሡ፣ ጋሻውን አጥባችሁ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ፣ በአየር ንፉና በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሱ። ዘይቱንም በመለኪያው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያዙ፤ ከልክ በላይ ከተሞላ ኮሎው ዘይቱን እየመታ ጤዛ ያደርገዋል፣ ጤዛው ደግሞ በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ዝቃጭ የበዛበትን ሞተር በላምባ ወይም በናፍጣ አጥቦ ማስነሣት ይለመዳል። አንመክርም። ድንገት የተፈነቀለው ዝቃጭ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት መያዣ) ወርዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይሠራል። መንገዱን ከፍታችሁ ጥሩ ዘይት አድርጉና የመጀመሪያውን ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ ቀይሩት፤ ፊልትሮውንም አብራችሁ። ዝቃጩ ቀስ እያለ ይወጣል።

ቱቦውን ነቅሎ ወደ መሬት ማውረድ

ትንፋሽ ሲበዛ ቱቦውን ነቅሎ፣ የማኒፎልዱን ቀዳዳ በብሎን ደፍኖ፣ ጫፉን ከመኪናው ስር መልቀቅ የተለመደ መፍትሔ ነው። ዘይቱ ከፊልትሮ ስለሚጠፋ የተፈታ ይመስላል። ግን የሚስብ ነገር ስለሌለ ሚኒሞ ላይና በከተማ ጉዞ ውሃና ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀራሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ቱቦ ያልተጣራ አየር ከነአቧራው ወደ ውስጥ ይሳባል። ለደከመ ሞተር ጊዜ መግዣ ይሆን ይሆናል፤ ለጤነኛው ግን መግደያ ነው።

ናፍጣና ባጃጅ

የናፍጣ ሞተር ስሮትል ስለማይዘጋው በማኒፎልዱ ቫኪዩም የለውም ማለት ይቻላል። አሮጌዎቹ ትንፋሹን በቱቦ ወደ ውጭ ይለቃሉ፤ አዲሶቹ በዘይት መለያ አሳልፈው ከተርቦው (ለሞተሩ አየር ከሚያምቀው ክፍል) በፊት ወዳለው የአየር መስመር ይመልሱታል። መለያው ውስጥ ፊልትሮ ካለ በጊዜው ይቀየራል። በናፍጣ ላይ አንድ ከባድ አደጋ አለ፤ የዘይት መጠን ከልክ ካለፈ ወይም ትንፋሹ ከበዛ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ መብላት ይጀምርና ቁልፉ ቢዘጋም ሞተሩ አይጠፋም። ያኔ በማንዋል ካምቢዮ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ ወይም የአየር መግቢያውን በጠንካራ ሰሌዳ መድፈን ነው። እጅ አይደፈንበትም፤ ጨርቅም ወደ ውስጥ ይሳባል። ጅቡቲ የሚመላለስ ጭነት መኪና ዘይቱን ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተር ካጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለካ።

ባጃጅ አንድ ፒስተን ስላላት ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከስሩ ያለውን አየር ይገፋል፣ በወጣ ቁጥር ይስባል። ስለዚህ የትንፋሽ ቱቦዋ ወደ አየር ፊልትሮ ሳጥን በደንብ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ከወለቀ በየዙሩ አቧራ ትስባለች። ፊልትሮ በጸዳ ቁጥር ቱቦውን ሳቡና ጥብቀቱን እዩ፤ በሳጥኑ ስር የዘይትና የውሃ ማጠራቀሚያ ትንሽ ቱቦ ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ አፍስሱና መልሳችሁ ዝጉ።